ወደ ታች የሚመታ ሪቮልቨር፦ የፊት ማነጣጠሪያውን ሞርዶ ማስተካከል፣ ከሀ እስከ ፐ

ባለፈው እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ የድሬ ሙቀት በረድ ሲልልን፣ ከዚራ ሰፈር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቴክሳስ ያለው የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለ። እሱ ጋ ገና ረፋዱ 5 ሰዓት ነው። በአንድ እጁ ስልክ በሌላ እጁ ሞረድ ይዟል። "አጎቴ፣ ሽጉጤ ወደ ታች እየመታ አስቸገረኝ፣ የፊቱን ልሞርደው ነው፣ እያየህ ምራኝ" ይለኛል። አቦ አስቀምጠው አልኩት። ስንት ጥይት ተኮስክ? ስድስት። ከስንት ርቀት? "እንጃ፣ ሃያ ምናምን ያርድ"። ክንድህን ምን ላይ አሳረፍክ? "ምንም ላይ፣ ቆሜ ነው"። በቃ በዚህ መረጃ ነው ብረት ሊቆርጥ የነበረው።

እኔ እዛው አገር ማሽን ሾፕ ውስጥ ዓመታት ሠርቼ ነው የተመለስኩት፣ ሞረድ አያያዝ ግን የተማርኩት እዚሁ ድሬ ነው፣ አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስወጣ ሞርሳው (የብረት ማሰሪያው) ሥር ነበር የሚያስቀምጠኝ። እና ለልጁ በስልክ ያስረዳሁትን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ምክንያቱም እንደሱ ያለ ልጅ ብዙ ነው፣ ሽጉጡን ገዝቶ ወደ ታች ሲመታበት ወይ "ሪጀክት ሸጡልኝ" ብሎ ይሳደባል ወይ ሞረድ ያነሳል።

አገር ቤት ላላችሁ አስቀድሜ ልናገር፣ እዚህ የጦር መሣሪያ መያዝም መጠገንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ከአያት የተረፈ ሽጉጥ አውጥታችሁ ሳሎን ውስጥ ሞረድ እንዳታነሱ። የምጽፈው ባለበት አገር በሕጋዊ መንገድ ለያዘና የራሱን ዕቃ ራሱ መንካት ለሚፈቀድለት ሰው ነው።

የትኛው ሽጉጥ ነው

የማወራው ስለ ሲንግል አክሽን ሪቮልቨር ነው። ማለትም ለእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስባችሁ የምታቀባብሉት፣ ቃታው ደግሞ መዶሻውን ከመልቀቅ በስተቀር ሌላ ሥራ የሌለው። ካውቦይ ፊልም ላይ የምታዩት ማለት ነው። የዛሬዎቹ አባት የ1873ቱ ኮልት ነው (የሽጉጦቹን ዓመት በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ዛሬ እነ ኡበርቲና ፒየታ ጣሊያን ውስጥ ተመሳሳዩን ይሠራሉ፣ አሜሪካ ሩገር አለ። ከነዚህ አብዛኞቹ ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ ብሎ ነገር ራሱን የቻለ ዕቃ አይደለም፣ ከሲሊንደሩ (ጥይቶቹ ከሚገቡበት ተሽከርካሪ ከበሮ) በላይ ባለው ብረት ላይ የተቦረቦረ ቦይ ነው፣ ወደላይም ወደታችም አይሄድም። ከፊት አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመች ቀጭን ምላጭ አለች (በጣት የሚሳበውን ቃታ ማለቴ አይደለም፣ የፊት ማነጣጠሪያዋን ነው)፣ እሷም ከአፈሙዙ ጋር የተበየደች ናት። ስለዚህ የሚስተካከል ብሎን የለም፣ ያላችሁ ነገር ያቺ ምላጭ ብቻ ናት።

የናንተ ሽጉጥ የኋላው ማነጣጠሪያ ብሎን ካለው (ለምሳሌ ከ1955 ጀምሮ የሚሠራው ሩገር ብላክሆክ አለው) ይሄን ጽሑፍ እዚህ ጋ ዝጉትና ካቻቢቴ ፈልጉ። ባለ ብሎኑን ሽጉጥ የሞረደ ሰው አይቻለሁ፣ ወላሂ።

ለምን ወደ ታች ይመታል

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ሆን ብሎ ምላጯን ረዘም አድርጎ ይተዋታል። ገዢው ምን ዓይነት ጥይት እንደሚተኩስ ስለማያውቅ፣ ረጅም ብረት ይቆረጣል አጭር ብረት ግን አይረዝምም ብሎ። እንደ ሱሪ ነው፣ ከመርካቶም ግዙት ከድሬው ታይዋን ገበያ እግሩ ረዝሞ ነው የሚመጣው፣ ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳችሁ ታሳጥሩታላችሁ። ስለዚህ ወደ ታች የሚመታ አዲስ ሽጉጥ የተበላሸ ሽጉጥ አይደለም፣ ገና ያልተለካ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ብዙ ሰው የማይገባው ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሽጉጡን አስተካክላችሁ ስታነጣጥሩ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ቀጥ ብሎ የሚያይ ይመስላችኋል አይደል? አያይም። ከጎን ሆናችሁ ብታዩት የፊቱ ምላጭ ከኋላው ቦይ በጣም ስለሚረዝም፣ ሁለቱን አስተካክላችሁ ስትይዙ አፈሙዙ ከኢላማው በታች ነው የሚያመለክተው። ይሄ ስህተት አይደለም። ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ወደፊት መሄድ ሲጀምር ሽጉጡም በዛው ቅጽበት ወደ ኋላ መግፋትና አፍንጫውን ማንሳት ይጀምራል፣ አረሩ ገና ሳይወጣ። እና አረሩ የሚወጣው አፈሙዙ ትንሽ ቀና ካለ በኋላ ነው። ምላጯ የምትረዝመው ያንን መነሳት ለማካካስ ነው።

ከዚህ የሚመጣው ነገር ነው ጉዱ፦ ከባድና ዘገምተኛ አረር አፈሙዙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይና ግፊቱም ስለሚበዛ ወደ ላይ ይመታል፣ ቀላልና ፈጣኑ ደግሞ አፍንጫው ሳይነሳ ሹልክ ብሎ ስለሚወጣ ወደ ታች ይመታል። ከጠመንጃ የመጣ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚገምተው። የፎርቲ ፋይቭ ኮልት (የልጁ ሽጉጥ የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት) የጥንቱ አረር 255 ግሬን አካባቢ ነው፣ ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፣ የእህቴ ልጅ ግን ርካሽ ስላገኘ 200 ግሬን ነበር የሚተኩሰው። "ከባዱን ሞክረኸዋል?" ስለው ዝም። ሽጉጡ ወደ ታች የሚመታው በከፊል ጥይቱ ስለቀለለ ነው። ስለዚህ ሞረድ ከማንሳታችሁ በፊት ወደፊት ሁልጊዜ የምትተኩሱትን አንድ ጥይት ምረጡ፣ ለሱ ነው የምትሞርዱት፣ ከዛ በኋላ ጥይት ቀይራችሁ "እንደገና ተበላሸ" ብላችሁ እንዳትደውሉ።

መጀመሪያ እናንተ አለመሆናችሁን አረጋግጡ

ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ብረቱን የሚያጠፋው። ቀኝ እጅ የሚጠቀም ሰው ቃታውን በድንገት ሲመነጭቅ ወይ ድምፁን ፈርቶ እጁን ወደፊት ሲገፋ ጥይቱ ወደ ታች ወደ ግራ ይሄዳል። እና እየሞረዳችሁ ያላችሁት ሽጉጡን ሳይሆን ፍርሃታችሁን ሊሆን ይችላል።

ጠረጴዛ ላይ የአሸዋ ከረጢት አድርጉ። ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው ሁለቱ የእጅ አንጓዎቻችሁ ናቸው፣ አፈሙዙ አይደለም፣ አፈሙዙን ደረቅ ነገር ላይ ካሳረፋችሁት አነሳሱ ይቀየርና የሚመታበት ቦታም ይቀየራል። አንድ ጥንቃቄ ደግሞ፣ ሲሊንደሩና አፈሙዙ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን ክፍተት አለች፣ ከሷ በሁለቱም ጎን የሚወጣው ጋዝ ጣት ይቆርጣል፣ ከረጢትም ይበሳል። ጣታችሁ ከዛ መስመር ወደ ኋላ ይሁን።

ኢላማው ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ክብ ቢሆን ይበቃል። አንድ ነገር ወስኑ፦ የምታነጣጥሩት ክቡ መሃል ላይ ነው ወይስ ክቡን ምላጯ አናት ላይ እንደ ብርቱካን አስቀምጣችሁ ከሥሩ? ሁለቱም ይሠራል፣ ግን አንዱን ያዙና እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ። ምላጯ ቦዩ መሃል ትሁን፣ ግራና ቀኝ እኩል ብርሃን ይታይ፣ አናቷ ከቦዩ ትከሻ ጋር እኩል ይሁን። ዓይናችሁ ምላጯን ጥርት አድርጎ ይያት፣ ኢላማው ቢደበዝዝ ይደብዝዝ።

አምስት አምስት ጥይት እየለያችሁ ተኩሱ፣ ቢያንስ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አዲስ ወረቀት። አምስት የምለው የጥንቱ ዓይነት ኮልትና ኮፒዎቹ ላይ ስድስተኛው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ መዶሻው እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው፣ ያው ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይተኩስ። ከዛ ሽጉጡን በደንብ ለሚተኩስ ሌላ ሰው ስጡት፣ ምንም ሳትነግሩት። የሱም እዛው ታች ከተሰበሰበ ሽጉጡ ነው። የሱ መሃል ከገባ... እንግዲህ ሞረዱን መልሱት፣ ልምምድ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ ከተበታተኑ (ለምሳሌ የጀበና ማስቀመጫ ስፌት የሚያክል ቦታ ላይ) ምንም ነገር መለካት አይቻልም። ሲሰበሰቡ ብቻ ነው የስብስቡ መሃል ከምትፈልጉት ቦታ ስንት እንደራቀ በማስመሪያ የምትለኩት። ሦስቱን ወረቀት ደምሩና ለሦስት አካፍሉ።

ሒሳቡ

ስንት እንደምትሞርዱ ሳታውቁ አትጀምሩ። ሒሳቡ የሰባተኛ ክፍል ነው። ከኋላው ቦይ እስከ ፊቱ ምላጭ ያለውን ርዝመት በሚሊሜትር ለኩ። ጥይቱ የሳተበትን መጠን በዛ አባዙት፣ ለተኮሳችሁበት ርቀት አካፍሉት፣ ሁሉም በሚሊሜትር። የሚመጣው ቁጥር ከምላጯ አናት የሚነሳው ብረት ነው።

የልጁን ላሳያችሁ። ያቺን እሁድ መልሼ ሰደድኩትና በደንብ ተኩሶ መጣ፣ ባለ 255 ግሬኑን ጥይት ገዝቶ። አፈሙዙ 5 ኢንች ተኩል ነው፣ ከቦዩ እስከ ምላጯ ሲለካው 165 ሚሊ ሆነ። ርቀቱ 25 ያርድ፣ ማለትም 22 ሺ 860 ሚሊ። ስብስቡ ከመሃል 4 ኢንች ዝቅ ብሏል፣ 102 ሚሊ እንበል። 102 ሲባዛ በ165፣ 16 ሺ 830። ለ22 ሺ 860 ስናካፍለው 0.73 ሚሊ ምናምን። ይሄው ነው በቃ፣ አንድ ሚሊ እንኳን አይሞላም! ልጁ በመጀመሪያው ቀን "ግማሹን ልቁረጠው" ብሎኝ ነበር።

ሌላ ጠቃሚ ቁጥር፣ በሱ ሽጉጥና በዛ ርቀት ከምላጯ 0.1 ሚሊ በተነሳ ቁጥር ጥይቱ ወደ 14 ሚሊ ከፍ ይላል። 0.1 ሚሊ ማለት የአንድ ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት አካባቢ ነው። ይሄን ስነግረው ዝም ብሎ ምላጯን አያት።

የትኛውን ወዴት እንደምታንቀሳቅሱ ከተምታታባችሁ እንዲህ ያዙት፦ የፊቱን ምላጭ ጥይቱ ወደሄደበት ላኩት። ጥይቱ ዝቅ ካለ ምላጯም ዝቅ ትበል (ትሞረድ)፣ ጥይቱ ግራ ከሄደ ምላጯም ወደ ግራ። የኋላው ግን ተቃራኒ ነው፣ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ነው የሚሄደው።

ጥይት ማውጣት

እዚህ ላይ አልቀልድም። የጥንቱ ዓይነት ከሆነ መዶሻውን ግማሽ ድረስ ሳቡ፣ የጎኑን በር ክፈቱ፣ ሲሊንደሩን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱን ጉድጓድ በማስወጫው ዘንግ ግፉ፣ ስድስቱንም፣ ባዶ ነው ያላችሁትንም። ከ1973 ወዲህ ያሉት ሩገሮች ላይ ግማሽ መሳብ የለም፣ በሩን ስትከፍቱ ሲሊንደሩ ራሱ ይለቃል። ከዛ የመሃሉን ዘንግ ስባችሁ ሲሊንደሩን ጨርሶ አውጡትና ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ሲሊንደር የሌለው ሪቮልቨር መተኮስ የማይችል ብረት ነው፣ ልባችሁም እጃችሁም ይረጋጋል። ጥይቱ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አይኑር።

ሞርሳና ሞረድ

የሞርሳው ጥርስ አፈሙዙን ያቆስለዋል፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ለስላሳ እንጨት ወይ ወፍራም ቆዳ አድርጉ። አፈሙዙን የምታስሩት እንዳይነቃነቅ ያህል ብቻ ነው፣ ጎማ እንደምትፈቱ አትጠምዝዙት። ምላጯ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። ምላጯ ዙሪያ ያለውን አፈሙዝ በፕላስተር ሁለት ሦስት ዙር ሸፍኑ፣ ሞረዱ መንሸራተቱ አይቀርም። የአፈሙዙን አፍ ደግሞ በጨርቅ ወትፉ፣ የብረት ብናኝ እንዳይገባ። ጨርቁን ግን ደማቅ ቀለም ያለው አድርጉት፣ ሲያልቅ መውጣት አለበት፣ እዛ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ አፈሙዝ ያፈነዳል። እኔ ቀይ ነው የምጠቀመው፣ ጫፉም ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ።

ሞረዱ ደቃቅ ጥርስ ያለውና ጠፍጣፋ ይሁን፣ ብዙ ብረት ያልበላ። አባቴ አዲስ ልጅ ሲመጣበት የመጀመሪያውን ወር አንድ ቁራጭ ብረት ሰጥቶ "ጠፍጣፋ አድርገህ አምጣ" ነው የሚለው። ልጁ ሞርዶ ሞርዶ ያመጣለታል፣ አባቴ ስኳድራውን ብረቱ ላይ አስተኝቶ ወደ መስኮቱ ያነሳዋል። ከሥሩ የድሬ ፀሐይ በቀጭን ሾልካ ትታያለች። ምንም አይናገርም፣ ይመልስለታል። ሰው ሲሞርድ እጁ ሳያውቀው እንደ ሚዛን ስለሚወዛወዝ ብረቱ መሃሉ ያብጣል ዳርና ዳሩ ያልቃል። ምላጭ ላይ ይሄ ከሆነ አናቷ ክብ ይሆንና ስታነጣጥሩ የት ጋ እንደምታልቅ አይታወቅም። ስለዚህ ከዚህ በፊት ሞርዳችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እንደ ምላጯ የቀጠነ አሮጌ ብረት ሞርሳ ላይ አስራችሁ ግማሽ ሰዓት ተለማመዱ።

የምላጯን አናት በጥቁር ማርከር ቀቡት፣ ሞረዱ የት ጋ እንደነካና የት ጋ እንዳልነካ ይነግራችኋል። ከዛ በካሊፐር (የሚሊሜትር ክፍልፋይ በሚለካው መሣሪያ) ከምላጯ አናት እስከ አፈሙዙ ሆድ ያለውን ለኩና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ጭንቅላታችሁ ላይ አይደለም። የምላጯን ቁመት ለብቻው ለመለካት አትሞክሩ፣ አፈሙዙ ክብ ስለሆነ ካሊፐሩ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው የሚላችሁ።

ሞረዱን በሁለት እጅ ያዙ፣ ግፉ፣ ሲመለስ አንሱ። እየጎተቱ መሞረድ ሞረዱን ነው የሚበላው። ጥርሱን በጠመኔ ብትቀቡት ብናኙ አይጣበቅበትም፣ በየጥቂቱም በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። እና ቁጠሩ! አሥር ግፊት፣ ቁም፣ ለካ። በኔ ሞረድ አሥር ግፊት 0.1 ሚሊ ገደማ ያነሳል፣ የናንተው ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እንደ ብረቱም ይለያያል፣ ግን በመጀመሪያው አሥር ታውቁታላችሁ። ከዛ በኋላ በግምት ሳይሆን በቁጥር ነው የምትሠሩት። ግሩም ነገር ነው፣ ልጁ በስልክ እየቆጠረ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ነበር የምሰማው።

ከሒሳቡ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አንስታችሁ አቁሙ። 0.73 ከሆነ 0.5 ላይ። የቀረውን የሚወስነው ወረቀቱ ነው፣ ሒሳቡ አይደለም።

ይሄን ሕግ ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ፣ ከራሴ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያ ሽጉጤን ሞረዱን ይዤ ተኩስ ሜዳው ድረስ ሄጄ፣ እየተኮስኩ እየሞረድኩ፣ መጀመሪያ ላይ በደንብ እየተስተካከለ መጣ፣ ሙቀት ነው ድካም ነው እጄ መመንጨቅ ጀምሯል ለካ፣ ጥይቱ ወደ ታች ሲሄድ ገና ነው ብዬ ጨመርኩ። በነጋታው አርፌ ስተኩስ 3 ኢንች ከላይ። አንድ ባለሙያ ጋ ወስጄ ምላጯን በብየዳ አስነስቼ፣ የአፈሙዙን ቀለም አስቀብቼ፣ የከፈልኩት ሌላ ሽጉጥ ሊገዛ ምንም አልቀረውም ነበር። ቀለሙም እንደ ድሮው አልሆነም። ስለዚህ ተኩስ ሜዳ ሞረድ አይሄድም። ቤት ሞርዱ፣ ሌላ ቀን ተኩሱ።

ደግሞ መተኮስ

ጨርቁን አውጡ (ቀይ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ?)፣ በአፈሙዙ ብርሃን አሳልፋችሁ እዩ፣ ብናኙን በዘይት ጨርቅ ጥረጉ፣ ሲሊንደሩን መልሱ፣ ባዶውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙራችሁ ሞክሩ። ከዛ ያው ጥይት፣ ያው ርቀት፣ ያው ከረጢት፣ ያው አነጣጠር፣ ሦስት ወረቀት።

ልጁ ከ0.5 በኋላ ሲተኩስ አንድ ኢንች ከሩብ ዝቅ ብሎ ነው የመታው፣ ሒሳቡ ከሚለው ጋር ገጠመ። 0.15 ጨመረ። ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅታ ቀረ። "አሁን ልጨርሰው" ሲል ተው አልኩት፣ አናቷን በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክልና ቅርጽ ስታሲዛት ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፣ ለሱ ይቅር። ደግሞም ግማሽ ኢንች በ25 ያርድ በሽጉጥ... የሱ ስብስብ ራሱ 3 ኢንች ነው፣ አይመጻደቅ።

ማሳመር

የምላጯን አናት በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ አለስልሱ፣ በጣታችሁ ሳይሆን በእንጨት፣ ጣት ጠርዙን ክብ ያደርገዋል። ወደ ዓይናችሁ የሚዞረው ጠርዝ ስል ሆኖ ይቅር፣ ከፊት በኩል ያሉትን ጠርዞች ብቻ ሽጉጡ ማሕደር ውስጥ ሲገባ ቆዳ እንዳይቆርጥ ነካ አድርጓቸው። የተሞረደው ቦታ አሁን እንደ መስታወት ነው የሚያበራው፣ ፀሐይ ላይ ምላጯ አትታይም። ለሽጉጥ የሚሸጠውን በእጅ የሚቀባ ማጥቆሪያ በጥጥ ንኩት፣ ቅባት እንዳይኖረው አስቀድማችሁ በአልኮል ጥረጉ፣ ተቀብቶ ሲጠቁር ውኃ አስነክታችሁ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። እሱ ከሌለ ደግሞ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ብቻ ቀቡትና ስትተኩሱ በሻማ ጭስ አጥቁሩት፣ የድሮ ሰዎች እንደዛ ነበር የሚያደርጉት፣ ዛሬም ውድድር ላይ የሚያደርጉ አሉ።

ችግሩ ሌላ ከሆነስ

ከፍ ብሎ የሚመታ ከሆነ ሞረድ መፍትሔ አይደለም፣ ያባብሰዋል። ቀለል ያለና ፈጠን ያለ አረር ሞክሩ፣ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይገላገላሉ። ካልሆነ ምላጯ በብየዳ ትነሳለች ወይም ረዘም ባለች ትቀየራለች፣ ሁለቱም እሳት ያለበት ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ግራ ወይ ቀኝ የሚመታ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ቁመቱ ከዛ በኋላ፣ ምክንያቱም ግራ ቀኙ ሲስተካከል ቁመቱም ይነካል። በነዚህ ሽጉጦች ላይ ትክክለኛው መንገድ አፈሙዙን ክሩ ላይ በጣም በትንሹ ማዞር ነው፣ ለዛ ራሱን የቻለ ማሰሪያና መፍቻ ያስፈልጋል፣ ያለዛ የሽጉጡ አካል ይጣመማል፣ እና ይሄም የባለሙያ ነው። ምላጯን በመዶሻ ጠፍ ጠፍ አድርጎ የሚያጎብጣት ሰው አለ፣ ይሠራል፣ ስታዩት ግን ልክ እንደተጋጨ የባጃጅ ስፖኪዮ ነው።

ጥይት የሌላቸው፣ ባሩድና አረር ለየብቻ ከፊት የሚጎርሱት የ1851ና የ1860 ኮልቶች ኮፒ ያላችሁ ደግሞ የናንተ ችግር በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፣ ከፍ ብለው በመምታት የታወቁ ናቸው። የነሱ የኋላ ማነጣጠሪያ መዶሻው አናት ላይ ያለችው ቁርጥ ናት። እሷን ትንሽ ጠለቅ ማድረግ ጥይቱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ግን ቦታዋ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አይወስዳችሁም፣ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ፊቱ ላይ ረዘም ያለ ያስገባል።

ልጁ ትናንት ማታ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አምስት ቀዳዳ፣ አራቱ ጥቁሩ ውስጥ፣ አንዱ ታች ወደ ግራ። "ያቺ ምንድን ናት?" ብዬ ጻፍኩለት። "እሷ እኔ ነኝ አጎቴ" አለኝ።